የማለዳ ተራ

እኔ የማውቃቸው ከተሞች ጣሪያ ናቸው፤
በጀርባ የሚዋኝ ሌላ ምን ሊያይ ነው?
የካልጋሪው ጣሪያ ነጭ ቱቦ ሞልቶታል፤
የሞንትሪያሉ ላይ አንድ አምፖል ይርገበገባል፤
የዊኒፔጉ ግን፣ የልጅነቴ ግን፣
ስምንት የብረት ወጋግራ፣ አንድ የዛገ ጠርዝ፣
እሱን በዓይኔ ይዤ ነው ቀጥ ብዬ የምጓዝ።

ዛሬም እዚሁ ነው። መስመር አራት።
ኮፍያዬ ላይ ቀይ ቅጠል አለበት፤
ከቅጠሉ ሥር የአባቴ ስም፣
ገብረአምላክ፣ በላቲን ፊደል ረዝሞ
ከጆሮ እስከ ጆሮ ቢዞርም አልበቃም፤
የመጨረሻዋ ፊደል እጥፋቱ ውስጥ ገብታ
ለካሜራ አትታይ፣ እኔን ግን ታሳክካለች።

አባቴ ከላይ ነው፣ ከሃያኛው ረድፍ፣
የአውቶቡስ ሾፌር ጃኬቱን እንደለበሰ።
«ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ» እያለ አሳደገኝ፤
ራሱ ከጉልበቱ በላይ ገብቶ አያውቅም።
ግን አስራ አንድ ዓመት፣ ከሌሊቱ አስር ተኩል፣
ከዜሮ በታች ሰላሳ ሲሆን፣
መኪናውን አሙቆ ጠብቆኛል።
ከልምምድ ስወጣ እርጥብ ፀጉሬ በረዶ ሆኖ
እንደ ጨሌ ሲንቃጨል ይስቅ ነበር፤
«ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ» ይለኝ ነበር።
ወቀጥኩት። እንቦጭ አለ። ደግሜ ወቀጥኩት።

ረጅም ፊሽካ። ዘለን ገባን።
ሁለተኛ ፊሽካ። እጀታውን ያዝን።
የእግሬ ጣቶች ሰሌዳውን ቧጠጡ፤
ከበላዬ የኢንግሪድ ጉልበት ይንቀጠቀጣል።
ዝምታ።
አንድ ሕፃን ከላይ አስነጠሰ።
ድምፁ!

ከውሃ በታች አስራ ሦስት ምት፤
አገር የለ፣ ስም የለ፣
ከአፍንጫዬ የሚሸሽ አረፋ ብቻ።
ከዚያ ጣሪያው መጣ። ወጋግራው አንድ፣ ሁለት፣
በግራዬ የአውስትራሊያዋ ክንድ ይረጫል፣
ሦስት፣ አራት፣ የዛገው ጠርዝ፣ ደህና አደርክ?
ባንዲራዎቹ።
ከባንዲራ እስከ ግድግዳ አራት ክንድ ነው፤
አምስት ካልሽ በአናትሽ ትጋጫለሽ፣
ሦስት ካልሽ እግርሽ ባዶ ይረግጣል።
ዞርኩ።
መመለሻው ላይ ጭኔ እሳት ጎረሰ፤
ሰባ አምስተኛው ሜትር ላይ እናቴን ረሳሁ፣
ቤታችን ያለበትን መንገድ ረሳሁ፣
አራትን ብቻ አልረሳሁም።
ነካሁ። ኢንግሪድ በላዬ በረረች።

ሦስተኛ ሆነን ለፍጻሜ አለፍን።
በሕይወቴ እንዲህ ፈጥኜ አላውቅም፤
አሰልጣኛችን ትከሻዬን መታ አድርጎ
«ጎበዝ። ማታ ሮዋን ናት» አለኝ።
አውቀው ነበር፤ ሳምንት ሙሉ በር ላይ ተለጥፏል።
ሮዋን በዚያ ሰዓት ሆቴል ተኝታለች፤
ጉልበቷን ስቆጥብላት ነው ያረፈድኩት።
ማወቅ ሌላ፣ መስማት ሌላ።

ማታ ከአባቴ ጎን ተቀመጥኩ።
ሮዋን የኔን ጣሪያ እያየች ሄደች፤
አንድ ክንድ በበዛባት ብዬ ተመኘሁ፣
ወዲያው ምላሴን ነከስኩ።
አልበዛባትም።
ነሐስ፣ በአንድ ጥፍር ርቀት።
አራቱ መድረክ ላይ ተቃቅፈው ወጡ፤
መዳፌ እስኪቀላ አጨበጨብኩ፤
አባቴ በጣቱ ቆጥሯቸው፣ ደግሞ ቆጥሯቸው፣
«አንቺስ?» አለኝ።

የኔ በኮሪደር መጣ፣ ከበረዶ ማሽኑ አጠገብ፤
የቡድኑ ጸሐፊ ማዳም ሌፔጅ ከፖስታ አውጥታ
«እዚህ ጋ ፈርሚ» አለችኝ።
እስክሪብቶው አልጽፍ ብሎ ሁለቴ ፈረምኩ።

ቀይ መብራት ላይ ቆመን አባቴ ሜዳልያውን አገላበጠ።
«ስም አልጻፉበትም።»
«የአራቱም ላይ የለም፣ አባ።»
«እ» አለ። በመዳፉ መዘነው፣
አንገቱ ላይ አጠለቀው፣
አረንጓዴ ሲበራ እንዳጠለቀው ነዳ።
እኔ ወንበሬን ወደ ኋላ አጋድሜ
የመኪናውን ጣሪያ ሳይ፣
የመንገዱ መብራት እየመጣ ሲያልፍበት፣
ከድልድዩ እስከ ቤታችን
ስንት ክንድ እንደሆነ መቁጠር ጀመርኩ።