የአንገት ልክ

ከሌሊቱ ስምንት። ግማሽ ሊትር አልቋል፤
ሁለት ሊትር ሊገባ ማሽን ቆሟል፣ ታጥቧል።
ከበሩ ሥር ገብቶ የሐይቁ ንፋስ
የደንገል ሽታውን በቅባት ሲለውስ፣
እኔ ቁልፍ ይዤ፣ ዐሥራ ሰባት ቁጥር፣
ተንበርክኬያለሁ ከሰንሰለቱ ሥር።
ባሕር ዳር ተኝታለች፤ ባጃጁም ተኝቷል፤
ከዐባይ መውጫ በኩል ጉማሬ ያስነጥሳል።

ጎብኚ የሚመስለው፣ ጠርሙሱ ሲረዝም
ማሽኑ ቀና የሚል ነው። እንዲያ ግን አይደለም።
ይህ የእኛ ማሽን የሚያውቀው አንገት ነው፤
አንገቱን ጨብጦ፣ ባየር አንጠልጥሎ፣ ዞሮ የሚሞላው።
የድንክየው አንገት፣ የመለሎው አንገት
አንድ ዓይነት ቀለበት፣ አንድ ክዳን ያለበት፤
ልዩነቱ ሁሉ ወደ ታች ነው ያለ፣
አንዱ ባጭር ቀረ፣ አንዱ ተንጠለጠለ።

ስለዚህ እጀታው ክርር ክርር ሲል
ከፍ ዝቅ የሚለው መውጫው ላይ ነው፣ ወለል።
ቀበቶው ከራቀ፣ እግሩ መሬት አጥቶ
ወድቆ ይንከባለላል ጓደኛውን ገፍቶ፤
ቀበቶው ከቀረበ፣ ተረከዙን መትቶ
ያጥፈዋል ከወገብ፣ ሽንጡን አንኮታኩቶ።

ይህን ያስተማሩኝ ጋሽ ሙጨ ናቸው፤
ሃያ ዓመት ጨርቃ ጨርቅ፣ ጆሮ የነሣቸው።
ስለማይሰሙ ነው መሰለኝ፣ እጃቸው
እንደ ዐይን ያያል፣ ጣት ነው ሚዛናቸው።
ከኪስ ያወጡና ያልወጣለት ሎተሪ
«ይቺ ብቻ ትለፍ» ይሉኛል፤ «አትጨምሪ።»

ልኩ የሚነበበው ከራሴ በላይ ነበር ያኔ፤
የለስላሳ ሳጥን ነው ቁመት የሆነኝ ለእኔ።
ገልብጬ ስቆምበት ልጆቹ ይስቃሉ፤
«አንጓች፣ አንቺንስ ስንት ላይ እንሠርሽ?» ይላሉ።
እኔም እስቃለሁ። ምን ላድርግ? ሌሊት ነው፤
ሳቅ እንቅልፍ ይገፋል፣ ደመወዙ ያው ነው።

ከዚያ አንድ ማክሰኞ፣ ወደ ግማሽ ሊትር
ከለወጥን ወዲያ (ማን ያውቃል የማን ስሕተት ነበር)
አንዲት ሁለት ሊትር ከትንንሾቹ መሃል
ብቅ አለች። ስትደርስ መውጫው ላይ ካለው ወለል
ቋ!
ታጠፈች። የኋላው በላይዋ ተከምሮ፣
ውኃው እስከ በሩ፣ ጫማችንን ነክሮ።
ጋሽ ሙጨ ቀዩን በመዳፋቸው መቱት።
ጸጥ።
የተጨማደደችውን አንሥተው አቀፏት።
«ምን ሰይጣን ናት!» ብሎ ሲጮህ የፈረቃ ኃላፊው፣
ከከንፈሩ አነበቡት፤
«እሷ ምን አጠፋች? ያልጠበቃት ወለሉ ነው።»

በሰኔ ጡረታ ወጡ። ኬክ ተቆረሰ።
ቁልፋቸው ለኔ ቀረ፣ በላብ የወየበ፣ የለሰለሰ።
ከመቆጣጠሪያው በር ጀርባ፣ በእርሳስ ተጽፏል፤
ከጠብታ ብዛት ግማሹ ደብዝዟል፦

ግማሽ — 210
አንድ — 275
ሁለት — 332
አ. — 154

አራተኛው ምንድን ነው? መጋዘን ጠየቅሁ፤
«እንዲህ ያለ ጠርሙስ የለንም» ተባልሁ።
አንድ እሑድ፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ እጀታውን አዞርኩት፣
መቶ ኀምሳ አራት ላይ ወለሉን አቆምኩት፤
ምንም አይገጥምበት። የሽቶ ብልቃጥ ነው?
አርጅተዋል፣ አልኩና ነገሩን ተውኩት፣ ያው።

ዛሬ ግን፣ አሁን፣ አንድ ብሎን አምልጦኝ
በደረቴ ተኝቼ፣ በባትሪ ስፈልግ፣
ብርሃኑ ተንሸራቶ ምሰሶው ላይ ወጣ።
ከላይ አራት ቀዳዳ፣ ባዶ፣ ዝገት የበላቸው፤
የልኩ ሰሌዳ ድሮ የታሠረባቸው።
ከታች፣ ስንዝርና ጋት ዝቅ ብሎ፣
አራት ሌላ ቀዳዳ፣ በእጅ የተሰረሰረ፣
አራት ሌላ ብሎን።

ተነሣሁ። ቆምኩ። ቁጥሩ ከዐይኔ ትክክል ነው።
ሚሊ አይደለም ለካ። ሴንቲ ነው።

ሳጥኑስ? አሁን ገና ነው ያሰብኩት፤
መወልወያው ጥግ ነው፣ ባልዲ ተቀምጦበት።
ከላዩ መቼ እንደወረድኩ እንጃ።

ጉማሬው ዝም ብሏል። ሁለት ሊትር ይጠብቃል።
ያልወጣልኝን ሎተሪ ከኪሴ አወጣሁ፤
ከወለሉና ከጠርሙሱ መሃል
አለፈ።