ግማሽ ሊትር

ፊኒክስ ናት፣ ያባቴ፤ በአራት ዓመት ትበልጠኛለች፣
በተቀደደ ኮርቻዋ ስፖንጇን እንደ ምላስ ታሳየኛለች።
የኋላ ጎማዋ ሞተር ባውቶቡስ ጣራ መጣልኝ
ከሽንኩርት ጋር ባንድ ጆንያ፤ ሽታው እስከ ዛሬ አልለቅ አለኝ።
ባትሪዋን ከሞቱ ላፕቶፖች ሆድ አንድ በአንድ ፈለቀቅሁ፣
ደካማውን ከብርቱው ለየሁ፣
ሜትሩ አርባ ስምንት ቮልት ሲል ሱቄን ዘግቼ ብቻዬን ሳቅሁ።

ግን ዳገቱ አለ።
ከአዘዞ ፒያሳ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው የሚል ሰው
ወይ በሚኒባስ ነው የሄደው፣ ወይ ቁልቁል ሲወርድ ነው የለካው።
ባትሪዬ ሽንታ ላይ ይተኛል፤ እኔ ወርጄ እገፋለሁ፤
የባጃጅ ልጆች «የሻረግ፣ በቅሎሽ ሞተች?» ሲሉኝ እሰማለሁ።

መደርደሪያዬ ላይ ሁለት ዓመት አንድ ጄኔሬተር ነበረ፣
የመድኃኒት ቤት፣ ጥቅሉ የነደደ፣ ባለቤቱ ጥሎት የቀረ።
ከተቃጠለ ቬንትሌተር መዳብ ፈትቼ ጠመጠምኩት፤
ሁለት መቶ አርባ ላይ አንዱ «ሰላም ነሽ?» አለኝ፤ ቁጥሩን ሳትኩት።
ፈታሁ። ከአንድ ጀመርኩ። በሬ ላይ በካርቶን
«አታናግሩኝ» ብዬ ለጠፍኩ።

ከኮርቻው ኋላ በአንግል ብረት በየድኩት። መጀመሪያ ስነዳ
ብሎኑ ሁሉ ረገፈ፤ ጥርሴም ሊከተለው ተሰናዳ።
ከአይሱዙ ከመነዳሪ ቆርጬ ከሥሩ አነጠፍኩለት፤
እግሩ ለስላሳ ሲያገኝ ትንሽ ቁጣው በረደለት።

የቅኔው ተማሪ ጎረቤቴ ኅሩይ ዞሮ ዞሮ አያት፤
«ሰምና ወርቅ ናት» አለኝ፤ «ሰሟ ቤንዚን፣ ወርቋ መብራት።»
«ስልሳ ኪሎ ናት» አልኩት፤ «ና እስቲ ያዝና ግፋት።»

ሒሳቡ ይሄ ነው፤ ዳገቱ ሰባት መቶ ዋት ይጠጣል፣
ጄኔሬተሩ አራት መቶ ይቀዳል፤
የጎደለውን ባትሪው፣ ባትሪው ሲደክም ጉልበቴ ይሞላል።
ጉልበቴን የጠመጠመው እግዜር ነው፤
እሱ የነደደ ዕለት ማን ይጠመጥመዋል?

ማክሰኞ ግማሽ ሊትር አገኘሁ፣ በውኃ ፕላስቲክ።
ዋጋውን አልጽፍም፤ ይሄን ባለቤቴ ያነበዋል።
የደንበኛ ፓምፕ አዝዬ ወጣሁ።
ሽንታ ላይ ባትሪው ሲያዛጋ ገመዱን ሳብኩ፤ ተነሣች፤
አህያ ደነበረ፣ ሁለት ተማሪ ጆሮ ያዘ፣ እሷ ግን ወጣች።
ጭሱ ከኋላ፣ ላቡ ከፊት፣ ፔዳሉን እየረገጥኩ፣
አንዴም አልወረድኩ።

ፒያሳ ስደርስ መብራት የለም። ቢያድግልኝ ጸጉር አስተካካዩ
(ስሙም ለገበያው ያደላል) መላጫ ይዞ ወጣ ከደጁ፤
«የሻረግ! በፈጠረሽ!»
ወንበሩ ላይ ጋሽ ጥጋቡ፤ ግማሽ ራሳቸው መላጣ፣ ግማሹ ሽበት፣
ለሽምግልና ይጠበቃሉ በዘጠኝ ሰዓት።
በቀኝ ሲያዩዋቸው አማላጅ፣ በግራ ምልምል ወታደር፤
«እንዲህ ሆኜ ብሄድ» አሉ፣
«ስለ ልጁ ሳይሆን ስለ ጤናዬ ነው የሚጠይቁኝ።»

ሰካነው። አሥር ዋት ለማትሞላ መላጫ
አራት መቶ ዋት ጮኸ፤ መንገዱ ሁሉ ዞረ።
ስልክ የሞተበት ሁሉ መጣ፤ ገመድ በገመድ ሆነ ኮርቻዋ፤
የጋሽ ጥጋቡ ማጅራት ሲያልቅ፣ አለቀ ቤንዚኗ።
ቢያድግልኝ ገንዘብ አልሰጠኝም። «ልጅሽን አምጪው» አለኝ፤
ልጅ የለኝም።

ፓምፑን አስረክቤ ተመለስኩ። ቁልቁል ነው፤ ምን ይፈለጋል?
ቤንዚን አይጠይቅ፣ ባትሪ አይጠይቅ፤ ስልሳ ኪሎ በራሱ ይሮጣል።
ማራኪን ሳልፍ ነፋሱ ጣፈጠኝ፤ ልዘፍንም ቃጣኝ።
ለካ ያባቴ ፍሬን የተሠራው ላባቴ ነው፣
ለብቻው፣ ለሃምሳ ሁለት ኪሎ ሰው።
የግራ ጫማዬን ሶል እስከ ሽንታ አስፋልቱ ላይ ጽፌዋለሁ፤
ነገ፣ እግዜር ካለ፣ ፍሬን እሠራለሁ።