ሳትነካ አሳየኝ

ፉጀይራ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፤
ከወደቡ ማዶ ተራ የያዘ የመርከብ መብራት።
ባሕር እየጠጣ ጨው የሚተፋው ጣቢያ
ከበታቼ ያንኮራፋል፤
እኔም ጥቁር መስኮት ከፍቼ
በአንዲት መስመር ትእዛዝ ስም አቃናለሁ።

የፓምፑ ፕሮግራም ምንጩ ጠፍቷል፤
የጻፉት ሰዎች ውላቸው አልቆ አገር ገብተዋል።
የቀረን ዱቄቱ፣ ዜሮና አንዱ ብቻ፤
ከዱቄቱ እህሉን መልሶ መልቀም ነው የእኔ ድርሻ።

ስድስት ሺህ ተግባር፤
ገሚሱ ስም የለው፣ ቁጥር ነው መጠሪያው፤
ገሚሱን ማሽኑ አኝኮ ተፍቶታል፣ ጠፍቷል መለያው።
ሕግ አወጣሁለት፦ ግስ ይቅደም፣ ስም ይከተል፣ ቁጥር ይሁን ጭራ።
በእናቴ ቋንቋ ግስ የሚመጣው
ሁሉም ተብሎ ካበቃ ወዲያ ነበር።

ከትእዛዙ ማብቂያ ምልክት አለች፣ «ሳትነካ አሳየኝ» የምትል፤
አንዲት ፊደል ሳትነቀል
የሚሆነውን ታሳያለች፦
ግራ የድሮው፣ ቀኝ አዲሱ፣ መሐል ቀስት።

አራት ሺህ ሁለት መቶ አሥራ ሰባተኛው መስመር ላይ
እጄ ቆመ።
ግራ፦ አሙኩቲ።
ቀኝ፦ ዝጋ ቫልቭ ሁለት።

ኬረላዊውን ዘበኛ ጠየቅሁት፣ ሳቀ፤
«የሕፃን ማቆላመጫ ነው» አለ፣ «የሴት ልጅ።»
አንድ መሐንዲስ ይሆናል፣ የልጁን ጥርስ መብቀል በስልክ የሰማ፣
ማንም አያየኝም ብሎ
በዝገትና በግፊት መሐል ያስቀመጣት።

እናቴ እዚሁ ከተማ፣ ከዓሣ ተራው ጀርባ፣
አሥራ አንድ ዓመት የሰው ወለል ወልውላለች።
የሺመቤት ነበረች፤
ለአንዲት እመቤት ቤት የሺዎቹ አልመች ብሎ፣
ደላላው በፓስፖርቷ ላይ አሳጠራት፦ ሶፊያ።
እሷን ሳትነካ አሳየኝ ያለ አልነበረም።

አልዋሽም፣ «አዎ» ብዬ መታሁ።
ነገ ማንቂያው ሲጮህ፣ ጨው ከመጠጥ ውኃ ሲገባ፣
የቀን ተረኛው ሮዴል
አሙኩቲ ማን ናት እያለ ደቂቃ ማባከን የለበትም።
የድሮ ስሟን ግን በመዝገብ ፋይል ጎን ጻፍኩት፤
የሚከፍተው ቢኖር።

ሲነጋ ደወልኩ፣ ኮምቦልቻ።
እናቴ ገበያ መሐል ናት፣ ጫጫታው ይሰማል፤
ከተመለሰች ሰባት ዓመቷ፣
ዛሬም አንዱ ሌላዋን ሴት «ሶፊያ!» ብሎ ሲጣራ
ከእሷ ቀድሞ ይዞራል አንገቷ።