ሦስተኛው ቦይ

ሀል ይሏታል ከተማዋን፤ የመርከብም ሆድ ነው ሀል፤
ለባዳ ጆሮ አንድ ድምፅ ነው፣ ለአገሩ ሰው ይለያል።
እዚያ አንድ ምድር ቤት አለ፣ የድሮ ካሴት የሞላበት፣
ኒኮላ ሃርከር የምትባል ጸሐፊ ተቀምጣበት
ጆሮዋን በማዳመጫ ከድና፣ እግሯን ማቆሚያው ላይ ጥላ፣
የሙታንን ቃል ታሰፍራለች፣ ፊደል በፊደል ተክላ።

ሥራው ቀላል ይመስላል፣
የሰሙትን መጻፍ። ግን
«ሰን» ብሎ ቢጮህ አንድ ሰው፣ ልጁን ነው ወይስ ፀሐይን?
«ሞርኒንግ» ቢል በለሆሳስ፣ ንጋትን ነው ወይስ ሐዘን?
ድምፁ አንድ፣ አጻጻፉ ሁለት፤ ጆሮ ብቻውን አይዳኝም፤
ግራ ቀኙ ካልመሰከረለት፣ ቃል ብቻውን አይታመንም።

እኛስ ብንሆን «አለ» ስንል፣ ስናላላው ተናገረ ነው፣
ስናጠብቀው በሕይወት አለ፤ ወሬን ከኑሮ የሚለየው
አንዲት የምላስ መጫን ናት፤
ወረቀት ላይ ግን የለችም።

ማክሰኞ የደረሳት ክር፣ ሣጥኑ ላይ እንዲህ ይላል፦
«ኪቲዌክ፣ ዓሣ አስጋሪ፣ የመጨረሻ ሌሊት።» በቃ።
ካፒቴኑ አልፍ ብረምቢ ሲመለስ ከሰሜን ባሕር፣
ከወንዙ አፍ ሦስት ማይል ላይ፣ በጉም፣ በአሸዋ ክምር
መርከቡ ተሰንጥቆ ቀረ። ዘጠኝ ሰው። ሸንጎ ተቀመጠ፤
የሬዲዮውን ቃል አድምጦ፣ ፍርዱን በአንድ ሐረግ ሰጠ፦
«አይ ሚስት ዘ ቦይ» ብሏልና፣ ምልክቱን የሳተው እሱ፣
ቦይ፣ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ በርሜል፣ መብራት ያለው በራሱ።
ጥፋተኛ።
ሠላሳ ዓመት እንዲህ ቆየ፣ ማኅተም እንዳረፈበት።

ኒኮላ ግን ክሩን ከሥሩ፣ ሸንጎው የዘለለውን
ሰማች፤ የሞተር ማጉረምረም፣ የሻይ ጥያቄውን፣
በብርዱ ላይ የወረደ ስድብ። ከዚያ አልፍ፦ «ቦይ፣ በስተግራ።»
ቁርጥ ያለች፣ እንደ ሚስማር። ጥቂት ቆይቶ ሌላ፣ በተራ፦
«ቦይ፣ ፊት ለፊት።» ያቺም አጭር፣ ሥራ ላይ ያለ ሰው።
ሦስተኛው ግን ረዘመ፤ ከላይ ጀምሮ ዝቅ አለ፣
በጨለማ ደረጃ እንደሚወርድ፣ እግሩን እያንጠለጠለ።
አሥራ አንድ ጊዜ መለሰችው። ሻይዋ በረደ።

«ሚስት»ንም አላለፈቻት፤ ጉም ነው፣ ሳትኩም ነው፣
ናፈቅሁም ነው፤ በእኔ ፊደል ደግሞ የትዳር አጋር ነው፣
(ይህን እሷ አታውቅም።)
«አይ» ከፊቷ ቆማለችና ጉሙን ጠርጋ አስወጣችው፤
ሁለት ቀሩ።

ለኤድና ብረምቢ ደወለች፤ ሰባ ሁለት ነው ዓመቷ።
«ያን ቀን ምን ነበር?» አለቻት። ዝምታ። የሰዓት ድምፅ ከቤቷ።
«ሮሪ ስድስት የሞላበት። ኬኩን ሳንቆርስ ጠበቅነው።
በስሙ ጠርቶት አያውቅም፤ ሁሌም ‹ዘ ቦይ› ነው የሚለው።»

ለበርሜሉ አራት ፊደል፣ ለልጁ ሦስት ይበቃል፤
በመሐል አንዲት ፊደል ናት፣ ዘጠኝ ሬሳ ላይዋ ተጭኗል።
ምናልባት በርሜሉም ነበር፤ ድካም ድምፅን ያረዝማል።
ጣቷ ቁልፉ ላይ ቀረ።

ሐሙስ ዕለት ሮሪ መጣ፣ የወደብ ክሬን ነጂ፣
ኮፍያውን ሳያወልቅ ቆሞ ሰማ፣ አንዴ።
«የትኛው ነው?» አለችው።
«ደግመሽ አሰሚኝ እንጂ።»

አሰማችው። ቀና ሳይል፣ ጠረጴዛውን በጣቱ እየነካ፦
«ቦይ አለ፣» አለ።
ቆየት ብሎ፣ ለማንም ሳይሆን፣ አጥብቆ፦
«አለ።»