ወረንጦ

የሂዩማ ደሴት፥ ነሐሴ ሊወጣ፣
ሄልዱር ከጥዱ ደን ባልዲ ሞልቶ መጣ፤
ጣቱም ከንፈሩም ሐምራዊ ነው፥ ከእንጆሪው፤
ሌይዳ ቀና አላለችም፥ ምን ቢንኳኳ ባልዲው።

የአባቷን ጀልባ ሳይጠይቃት ሸጦ፣
ነገሩ እንደ መልሕቅ ከልቧ ውስጥ ሰምጦ፣
አራት ቀን አለፈ ካልተነጋገሩ፤
ቤት ውስጥ የሚያወራው ሰዓቱ ነው፥ በሩ።

ቅዳሜ ነው፤ ሳውናው ግሏል። ሸሚዙን ሲያወልቀው፣
ከትከሻው አጥንት ሥር፥ እጁ ከማይደርሰው፣
አየች ጥቁር ነጥብ፤ ነጥቧ እግር አላት፤
መዥገር ነው፥ ተደላድሎ፥ ቦታ እንደ ገዛ ሰው።

«አትንቀሳቀስ» አለች።

«ቅቤ ቀቢው» አላት፤ «ወይ ክብሪት ጫሪበት፤
እናቴ እንዲያ ነበር…»
«እናትህን ተዋት!
ሲጨንቀው ያስመልሰዋል፤ የሆዱን ጉድ ሁሉ
ደምህ ውስጥ ይደፋዋል።»

መነጽሯን አጠለቀች፥ መብራቱን አስጠጋች፣
ከስፌት ሣጥኗ ውስጥ ወረንጦ አወጣች፤
ያበጠ ሆዱን አልፋ፥ ከቆዳው ጥግ ወርዳ፣
ከአፉ ሥር ያዘችው።
ከዚያ ቀጥ አድርጋ ወደ ላይ፥ ቀስ…
ሳትነጥቅ፥ ሳትጠመዝዝ።
ቆዳው ተከትሎ እንደ ድንኳን ቆመ፤
እሷ አልቸኮለችም፤ ሰዓቱ ብቻ ቆጠረ፥ ደገመ።

(ስንቱን ጠብ ነቅላለች ሆዱን ጨብጣ፣
ራሱ ውስጥ ቀርቶ አካሉ ሲመጣ!
ስንቱስ አመርቅዟል፥ ቁስሉ ሽሮ ሲመስል፣
ክረምት በገባ ቁጥር ሲያሳክክ፥ ሲያቃጥል።)

ለቀቀ። ሙሉውን ነው፥ ከነራሱ።
በወረንጦው ጫፍ ላይ አየር ይቀዝፋል፥ በስምንት እግሩ።
«እየው» አለች፥ «ጀልባ የለውም።»
ሄልዱር ሳቅ ሊለው ሲል ተወው።
«ሌይዳ፥ ጀልባውን እኮ…»
«ቆይ። አልኮሉን አቀብለኝ።»

ቦታውን ጠረገች፥ እጇን ታጠበች፣
መዥገሩን በባዶ የማርማላታ ጠርሙስ ከደነች፤
ከግድግዳው ወረቀት፥ ከሃያ ስምንት ቁጥር ሥር፣
«የሄልዱር ጀርባ» ብላ ጻፈች በእርሳስ።
«ቀይ ቀለበት ቢወጣ፥ ትኩሳት ቢነሣ፥ ሐኪም ቤት ነው፤
እስከ ወር ድረስ በየማታው አየዋለሁ።»

አየችው። እሑድም፥ ሰኞም፥ ማክሰኞም።
ቀለበት የለም፤ ትንሽ ቅላት ብቻ፥ የትንኝ ያህል።
ረቡዕ ማታ ግን ጣቷ ከዚያች ቅላት ላይ አልተነሣም።
«ጀልባው አሁን ማን ጋ ነው ያለው?» አለችው፣
ቀስ ብላ፣
ሳትነጥቅ፥ ሳትጠመዝዝ።