የእንጨት ችንካር

ቺሎዬ በምትባል ደሴት፣ ዝናብ ቤቱ ባደረጋት፣
ቤተ ክርስቲያን አለችን፣ ባሕር ደጅ የሚጠናባት።
በአሸዋ ላይ ቤት የሠራ ሰነፍ ነው ቢልም ቃሉ፣
አያቶቻችን ሌላ መሬት አላገኙም፤ ምን ያድርጉ፣ ምን ይበሉ!
ብረት ብርቅ በነበረበት ዘመን፣ ሚስማር በጠፋበት አገር፣
እንጨትን ከእንጨት ሰፉት፣ በእንጨት ችንካር።

አባቴ ኤሌውቴሪዮ የቁልፏ ባለአደራ፣
ቄስ በዓመት አንዴ በጀልባ እስኪመጣ፣ እሱ ነው ጸሎት የሚመራ።
አናጢ ነውና ጸሎቱም እንደ መላጊያ ነበር፤
ሻካራችን ተልጎ ይረግፋል፣ ከእግራችን ሥር።

ኖልቤርቶ፣ ወንድሜ፣ ሃያ ሁለት ያልሞላው፣
ዛጎል ሊለቅም ወጣ፤ ነሐሴ ነው፤ ብርዱ ጥርስ ያለው።
ጀልባዋ ብቻዋን መጣች፤ መቅዘፊያዋም አንድ ነው።
ስምንት ቀን ፈለግን።
በዘጠነኛው ባሕሩ ጸጥ አለ፣ ልክ እንዳልበላ፤
አባቴም ጸጥ አለ፣ ከዚያ በኋላ።

ለቅሶ ደራሹ መጣ፤ ዶሚቲላ፣ ጎረቤታችን፣
"የሚወደውን ይፈትናል" አለችው፣ "ፈጣሪያችን።"
"እንዲያ ከሆነ" አላት፣ "እስቲ ጥቂት ይጥላኝ።"
አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ብርድ ብርድ አለኝ።

ግን እሑድ ሲነጋ ከፈተ።
ሦስት ዓመት ሙሉ፣ አንድም እሑድ ሳያጎድል፣ ከፈተ።
ቁልፉን በዓሣ ዘይት ያሻል፤ የጸሎት መጽሐፉን ግን አይነካም፤
ሰው ሰላም ሲለው ራሱን ይነቀንቃል፤ ከዚያ ወዲያ የለም።
አልዘመረም፣ አልተማጠነም፤ ከበሩ አጠገብ ቆሞ፣
እንደ ባዳ፣ እንደ ዘበኛ፣ ዝናቡን በኮቱ ተሸክሞ፣
"አሜን" እስክንል ይጠብቃል፤ ይዘጋል ደግሞ።
"ካደ" አሉት። እኔም ካደ ብያለሁ፤ ምን ይዋሻል!
ማመን መዘመር ብቻ የሚመስለው ሰው እንዲህ ያስባል።

በአራተኛው ዓመት፣ ሰኔ ላይ፣ ነፋስ ከሰሜን ተነሣ፤
ጀልባውን ከየዛፉ ላይ ሰቀለ፤ እንቅልፍ ተረሳ።
አባቴ ኮቱን ደርቦ ወጣ፤ ፋኖስ ይዤ ተከተልኩት።
የደወሉ ማማ ሲወድቅ፣ በጆሮዬ ሳይሆን በእግሬ ሰማሁት።
ውስጥ ገባን። ቤቱ ሁሉ ያቃስታል፤
ምሰሶው፣ ወራጁ፣ ወለሉ፣ ምጥ እንደ ያዛት ሴት ያምጣል።
"ይፈርሳል፣ አባ፣ እንውጣ!" ስለው፣ መዳፉን ምሰሶው ላይ አኖረ፤
ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በዚያ በአናጢ ድምፁ ተናገረ፦
"ስሚ። ቤት የሚላላው በበጋ ነው፣ ሁሉ ሲደርቅ፣ ሁሉ ሲደላው።
ሚስማር ቢሆን በውሃ ይዝጋል፤ ይላላል፤ ይነቀላል።
ችንካር ግን ሲርስ ያብጣል፤ ሲያብጥ ይነክሳል፤
ማዕበሉ በደበደበው ቁጥር፣ የያዘውን ያጠብቃል።"

ከዚያ ግንባሩን አስደገፈ፣ እርጥቡ እንጨት ላይ፤
ስለ ቤት ብቻ እንዳልነበር ገባኝ፣ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ሳይ።
"ኖልቤርቶ" አለ፣ አንድ ጊዜ። ቀጥሎም፣ "አባታችን ሆይ"፤
"ፈቃድህ" ከምትለው ሲደርስ፣ ቃሉ ጉሮሮው ውስጥ ቀረ።
የቀረውን እኔ ጨረስኩት፤ ነፋሱ ሲያጉረመርም አደረ።

ሲነጋ ማማው የለም። ደወሉ አሸዋ ውስጥ ተቀብሯል።
ቤቱ ቆሟል።

ዛሬ ቁልፉ እኔ ጋ ነው። አባቴ ከግቢው አርፏል፤
የወንድሜ ስም ከተጻፈበት ባዶ መቃብር ጎን ተኝቷል።
ለምን እንደ ወሰደው አልተነገረኝም፤ አባቴም ሳይነገረው ሞተ፤
ጥያቄው ከእሱ ጋር አልተቀበረም፤ ከቁልፉ ጋር ወደ እኔ መጣ።
ግን አንዳንዴ፣ ሻማ ሳበራ፣ መስቀሉን ቀና ብዬ ሳይ፣
የተወጉትን እጆች ሳይ፣
እሱም ከእኛ ጋር የተጋጠመው፣ ለካ፣ በችንካር ነው እላለሁ።

እሑድ እሑድ እከፍታለሁ። ዝናብ ነው፤ ቤቱ ሲጢጥ ይላል።
"ፈቃድህ" ስል ጥቂት እቆማለሁ፤
ምእመኑ ያውቃል፤ ይጠብቀኛል።