የእንቁራሪት ቆብ

ሰባ ዩሮ ከፈልኩ፣ የአንድ ሌሊት ፈረቃ፣
ላይፕዚግ መጋዘን ውስጥ ስደረድር የሰው ዕቃ።
ጀግናው ባዶ እጁን ቆሟል፤ ሰይፉ ለብቻው ይሸጣል፤
ሰገባው ሌላ ሂሳብ ነው፤ በሩም ሳንቲም ይጠይቃል።
ድልድይ ልሠራ ብነሳ፣ «ሃያ ሰዓት ጠብቅ» አለኝ፤
«ከቸኮልክ ሁለት ዩሮ»፤ የገዛ ጊዜዬን ሸጠልኝ።
የዕድል ሣጥኑ ቁማር ነው፤ ማቲስ የጋዝ ሂሳቡን አፈሰሰበት፤
አንድ ቆብ ደረሰው፤ ያውም የእንቁራሪት።

ሠሪው ልጆች አሉት፣ ይብላ፤
እኔን ግን አይብላኝ።

እሑድ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ካሴት ገዛሁ፣ በአራት ዩሮ፤
ውስጡ የማላውቀው ልጅ፣ ሄኒንግ፣ ስሙን አኑሮ
የመጨረሻው በር ላይ አንዲት ነፍስ ቀርታው ቆሟል።
«ቦታ ሞልቷል፤ ይሰረዝ?» ይለኛል።

አጠፋሁ።
ቴሌቪዥኑን።